ታታሚው በመርከብ ይሻገራል፣ የናካይዋ የሥራ ሰዓት ግን አይሻገርም

ኪሞኖ የለበሰች ሴት ከተንሸራታቹ በር ፊት ተንበርክካለች። ትሪውን ከጎኗ ወለሉ ላይ አኑራለች። በሩን የምትከፍተው በሦስት እንቅስቃሴ ነው፤ መጀመሪያ መያዣውን ይዛ እጅ የሚያሳልፍ ያህል ታንሸራትተዋለች፣ ቀጥላ የበሩን ጠርዝ ከታች ይዛ እስከ ግማሽ፣ በመጨረሻ በሌላኛው እጇ የቀረውን። ውስጥ ያሉት ሰዎች ሰው መምጣቱን አውቀው አለባበሳቸውን እንዲያስተካክሉ ፋታ የሚሰጥ አከፋፈት ነው። ይህች ሴት ናካይ ትባላለች። ሪዮካን በሚባለው የጃፓን ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳውን ከደረሰበት ሰዓት አንስቶ እስኪሸኝ ድረስ የምትይዘው እሷ ናት።

እራቱ ስምንት ዓይነት ምግብ በየተራ የሚቀርብበት ነው እንበል። አራት ክፍል የያዘች ናካይ ምግቡን ለማቅረብ ብቻ 32 ጊዜ ትገባለች። እራቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አንድ በር ፊት ተንበርክካ ትነሳለች ማለት ነው። የተበላበትን ሳህን ማንሳቱ ገና አልተቆጠረም።

ከጃፓን ውጭ ሪዮካን ለመክፈት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ታታሚው ምንጣፍና ስለ ገላ መታጠቢያ ገንዳው ነው። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ካለ ይገኛሉ፤ በኮንቴይነር ተጭነው ይመጣሉ። ቤቱን የሚያቆመውም የሚጥለውም ግን የዚህች ሴት የሥራ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በጃፓን ሕግ፣ ልማድና የኑሮ ዘዬ ላይ ተሠርቶ የቆየ ስለሆነ፣ ሌላ አገር ሲገባ ከሠራተኛ ሕጉ፣ ከእንግዳው የአመጋገብ ልማድና ከዋጋ አወጣጡ ጋር ይጋጫል።

ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። በ2024 ጃፓንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች 36.87 ሚሊዮን ደርሰዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቢያንስ አንድ ሌሊት በሪዮካን አድረው፣ ያንኑ መስተንግዶ በአገራቸው የሚፈልጉ ሆነው ይመለሳሉ። በሌላ በኩል ጃፓን ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች ሠራተኛ አጥተው ክፍል እየዘጉ ነው። መንግሥት በ2019 ባወጣው ልዩ የሙያ ቪዛ የማረፊያ ቤት ሥራን ያካተተው በዚሁ ችግር ነው። ስለዚህ በውጭ ያለው ቤት «ከጃፓን ልምድ ያለው ሰው እናስመጣለን» ብሎ ሲያቅድ፣ እዚያው በቂ ሰው ካጣ ገበያ ላይ መሻማቱ ነው።

ሙከራው አዲስ አይደለም። ታይዋን በጃፓን ሥር በወደቀች በዓመቱ፣ በ1896፣ ሂራታ ጌንጎ የተባለ የኦሳካ ሰው ታይፔ አጠገብ ባለችው በቤይቶው ቴንጉአን የተሰኘ የፍልውሃ ማረፊያ ከፈተ። በአሜሪካ ሲያትል ደግሞ በ1910 የተሠራው ፓናማ ሆቴል ምድር ቤቱ ውስጥ ሐሺዳቴዩ የተባለ የጃፓን መታጠቢያ ነበረው፤ እንግዶቹ በአብዛኛው በዓሣና በእንጨት ሥራ የተሰማሩ ስደተኛ ጃፓናውያን ነበሩ። በ1942 ጃፓናውያን አሜሪካውያን ወደ ካምፕ ሲጋዙ ሻንጣቸውን እዚያ ምድር ቤት አስቀምጠው ሄደዋል፤ ያልተመለሱበት ሻንጣ ዛሬም አለ። የዚያን ጊዜ ቤቶች አገራቸውን ለናፈቁ የአገር ልጆች የተከፈቱ ነበሩ። እንግዳውም አስተናጋጁም ደንቡን ያውቁታል፤ ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የዛሬው ቤት ግን ደንቡን ለማያውቅ እንግዳ፣ ብዙ ጊዜም ደንቡን ገና እየተማረ ባለ ሠራተኛ የሚያገለግል ነው።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የሪዮካን ቀን እንዲህ ነው። እንግዳ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ይገባል፤ ሻይና ትንሽ ጣፋጭ ይቀርብለታል። ገላውን ይታጠባል። እራት 12 ሰዓት ወይም 12፡30 ነው። እራቱ እንዳለቀ፣ ወይም እንግዳው በምግብ አዳራሽ እያለ፣ የክፍሉ ጠረጴዛ ወደ ጥግ ይገፋና ፉቶን የተባለው ፍራሽ ይነጠፋል። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ፍራሹ ይነሳል፣ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ ይቀርባል፣ 4 ሰዓት ላይ እንግዳው ይሸኛል። ሥራው ሁለት ጫፍ ላይ ተከማችቷል፤ መሀሉ ባዶ ነው። ስለዚህ ናካይዋ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3፡30 ትሠራለች። የአንድ ሰዓት ዕረፍት ሲቀነስ የሚከፈላት 8 ሰዓት ነው። ቀኗ የተያዘው ግን ለ15 ሰዓት ነው። ጃፓኖች ይህን የመሀል ክፍተት ናካኑኬ ይሉታል። አሠራሩ ለዘመናት የዘለቀው ሠራተኞቹ እዚያው ግቢ ባለ መኝታ ቤት ስለሚያድሩ ነው፤ በክፍተቱ ሰዓት ክፍላቸው ገብተው ይተኛሉ።

ይህን የሥራ ፕሮግራም እንዳለ አንስታችሁ አውሮፓ ውስጥ አስቀምጡት። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ አንድ ሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት እንዲያገኝ ያዛል። ምሽት 3፡30 የወጣች ሴት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት መግባት አትችልም ማለት ነው። ቁርሱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በአሠሪና በሠራተኞች የኅብረት ስምምነት ልዩ አሠራር ማስፈቀድ ቢቻልም በምትኩ ሌላ ዕረፍት መስጠት ግድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ለሁለት የሚከፍል አሠሪ፣ ክፍያቸው ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ብዙም ላልራቀ ሠራተኞች እስከ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ደመወዝ መክፈል አለበት። ጃፓን በ2019 በሁለት ፈረቃዎች መካከል ዕረፍት እንዲኖር ሕግ ብታወጣም፣ አሠሪው «እንዲጥር» የሚጠይቅ እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ውጤቱ ግን የሪዮካንን እምብርት ይነካል፤ እራት ያቀረበችው ሴትና ቁርስ የምታቀርበው ሴት አንድ መሆን አይችሉም። «ትናንት ማታ ዓሣውን ብዙም አልወደዱትም፣ ዛሬ እንቁላል አዘጋጅቻለሁ» የሚለው ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ መቅረቱ ያበቃል።

ለዚህ ችግር እስካሁን የታዩት መፍትሔዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ከጃፓን ከራሷ ነው።

አንደኛው የሆሺኖ ሪዞርትስ አሠራር ነው። በ1914 ካሩዪዛዋ ላይ በአንድ ሪዮካን የጀመረው ይህ የቤተሰብ ኩባንያ በ2017 ባሊ፣ በ2019 ደግሞ ታይዋን ጉጓን ውስጥ ቤት ከፍቷል። አሠራሩ ሠራተኛን በሙያ መለየት ትቶ አንዱን ሰው እንግዳ መቀበልን፣ ክፍል ማጽዳትን፣ ምግብ ማቅረብንና ወጥ ቤት ማገዝን ማሠልጠን ነው። እንዲህ ሲሆን የመሀሉ ባዶ ሰዓት በጽዳት ይሞላል፤ ፈረቃው አንድ ወጥ ይሆናል። ጠዋት የገባው ከቁርስ ጀምሮ ክፍል አጽድቶ ከሰዓት ይወጣል፤ ቀን የገባው እንግዳ ተቀብሎ እራት አቅርቦ ማታ ይወጣል። ጉዳቱ ሥልጠናው መርዘሙ ነው። አራቱን ሥራ በደንብ የሚችል ሰው ለማፍራት ወራት ያስፈልጋል፤ ሠራተኛ በየስድስት ወሩ በሚለዋወጥበት የቱሪስት ከተማ ደግሞ ሥልጠናው ሳያልቅ ሰውየው ይሄዳል። የሙያ መደብን በጥብቅ በሚለዩ የሠራተኛ ማኅበር ስምምነቶች ባሉበት አገርም አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ክርክር ያስነሳል።

ሁለተኛው የካጋያ ዘዴ ነው። በኢሺካዋ ክፍለ ሀገር፣ ዋኩራ ኦንሰን በተባለ የፍልውሃ መንደር በ1906 የተመሠረተው ይህ ቤት በ1980ዎቹ ምግብን ከወጥ ቤት ወደየፎቁ የሚያጓጉዝ አውቶማቲክ መሣሪያ አስገባ። ዓላማው ሰው መቀነስ አልነበረም። ናካይዋ ከባድ ትሪ ተሸክማ በኮሪደርና በደረጃ የምታጠፋው ጊዜና ጉልበት ከእንግዳው ጋር እንዲውል ነው። በዚያው ዘመን ሕፃናት ለያዙ እናቶች መዋያ ያለው የሠራተኛ መኖሪያም ሠራ። በ2010 ቤይቶው ላይ፣ ያ የ1896 ቴንጉአን በነበረበት አካባቢ፣ ከታይዋን ሸሪክ ጋር ቤት ሲከፍት ይዞ የሄደው ትምህርት ይህ ነበር፤ ቤቱን የያዙት የታይዋን ሴቶች ነበሩ፣ መንበርከኩንም ኪሞኖ አለባበሱንም ተምረውታል። የዋኩራው እናት ቤት በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ሲዘጋ፣ በስሙ እንግዳ መቀበሉን የቀጠለው በባሕር ማዶ ያለው ልጅ ቤት ሆነ።

ትንሽ ቤት፣ ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ያለው፣ ማጓጓዣ መሣሪያ አይገዛም። ግን ከካጋያ የሚወስደው ነገር አለ፤ ሥዕሉ ገና ሲነደፍ ወጥ ቤቱንና የምግብ አዳራሹን ግድግዳ ለግድግዳ ማድረግ። እራት በየክፍሉ የሚቀርበው ቤት በውጭ አገር ደመወዝ አያዋጣም፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን መቀበል ይሻላል። በየጠረጴዛው መሀል ተንሸራታች መከለያ ያለው አዳራሽ ከተሠራ፣ ለአንድ ክፍል ይሄድ የነበረው እርምጃ ወደ ጥቂት ሜትር ይወርዳል። አንዲት አስተናጋጅ አራት ሳይሆን ስድስት ጠረጴዛ ትይዛለች። ጃፓን ውስጥም ብዙ ቤቶች ወደዚሁ ዞረዋል።

ዋጋው ሌላው ራስ ምታት ነው። ሪዮካን የሚያስከፍለው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ አንድ ሌሊት ከሁለት ምግብ ጋር በአንድ ሒሳብ። ወጥ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላ ስለሚያውቅ ዓሣውን በቁጥር ይገዛል፤ የሚጣል የለም ማለት ይቻላል። የውጭ አገር እንግዳ ግን የለመደው የክፍል ዋጋን ነው፤ ምግቡን ለብቻ አይቶ መምረጥ ይፈልጋል፤ ደግሞም አንድ ሌሊት ሳይሆን ሦስት ሌሊት ይቆያል። እራት ነጻ ምርጫ የሆነ ዕለት ስሌቱ ይፈርሳል፤ 12 ሰው ያድራል፣ አምስቱ ውጭ ይበላል፣ አብሳዩ የገዛው ዓሣ ይተርፋል። የሚያዋጣው አካሄድ የመጀመሪያውን ሌሊት እራት ግዴታ አድርጎ ከዋጋው ጋር ማሰር፣ ሁለተኛውን ሌሊት ቀለል ያለ ትኩስ ድስት ወይም የሩዝ ምግብ ከ48 ሰዓት በፊት በሚሰጥ ትእዛዝ ማዘጋጀት፣ ሦስተኛውን ሌሊት ወጥ ቤቱን ዘግቶ እንግዳውን ወደ ከተማው ምግብ ቤት መምራት ነው። ይህ ሲደረግ አብሳዩም የዕረፍት ምሽት ያገኛል።

ስለ ወጥ ቤቱ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ችግር ውሃው ነው። የጃፓን ምግብ መሠረቱ ዳሺ የተባለው መረቅ ነው፤ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል ኮምቡ (የደረቀ የባሕር ተክል) ይገባና በ60 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይቆያል። ሳይፈላ ኮምቡው ይወጣል፤ ውሃው ወደ 85 ዲግሪ ሲደርስ ከ20 እስከ 30 ግራም የተፋቀ ካትሱኦቡሺ (ጢስ የጠገበ ደረቅ ዓሣ) ይጨመራል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሳይጨመቅ በጨርቅ ይጠለላል። ቶኪዮ ላይ ይህ ወርቅማ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል። የቶኪዮ ውሃ በሊትር 60 ሚሊ ግራም ያህል ማዕድን ያለው ለስላሳ ውሃ ነው። የለንደን ቧንቧ ውሃ ከ250 ሚሊ ግራም በላይ ነው። በዚህ ውሃ ሲሠራ ካልሲየሙ ከኮምቡው ጋር እየተያያዘ አረፋና ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ጣዕሙ ከኮምቡው አይወጣም፣ ፈሳሹም ይደፈርሳል። ብዙ አብሳይ ኮምቡው የጎደለ መስሎት ይጨምራል፤ መራራነቱ ብቻ ይብሳል። መድኃኒቱ የውሃ ማጣሪያ ገጥሞ ማዕድኑን ከ60 ሚሊ ግራም በታች ማውረድ ነው። ለሩዝም ለሻይም ያው ውሃ ያገለግላል።

ካትሱኦቡሺው ራሱ አውሮፓ መግባት ይቸገራል። ዓሣው በተደጋጋሚ በእንጨት ጢስ ስለሚታጠን የሚይዘው ቤንዞፓይሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ነው ማኩራዛኪ የተባለችው የጃፓን ከተማ አምራቾች ፈረንሳይ ብሪታኒ፣ ኮንካርኖ ከተማ ድረስ ሄደው በ2016 የጢሱ መጠን የተስተካከለበት ፋብሪካ የከፈቱት። ጥሬ የሚበላ ዓሣም ጥገኛ ተውሳክ እንዳይኖርበት በአውሮፓ ቢያንስ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለ24 ሰዓት፣ በአሜሪካ ለ7 ቀን መቀዝቀዝ አለበት፤ ቱና ዓሣ በአሜሪካ ከዚህ ነጻ ነው። ሥጋና ዓሣ የማይበላ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ዓሣውን ከሳህኑ ማንሳት አይበቃም፤ ዳሺው በሾርባውም፣ በተቀቀለው አትክልትም፣ በእንቁላሉም ውስጥ አለ። የጾም ድስት ከፍስኩ እንደሚለየው ሁሉ፣ ከኮምቡና ከደረቅ ሺታኬ እንጉዳይ ብቻ የሚወጣ ዳሺ በራሱ ድስት፣ በራሱ ጭልፋ መቀመጥ አለበት።

የገላ መታጠቢያው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚበላ፣ ከሁሉም ይበልጥ አደጋም ያለበት ነው። በጃፓን የጋራ ገንዳ ውስጥ የሚገባው ገላው በሳሙና ታጥቦ ከተለቃለቀ በኋላ ነው፤ ውሃው ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ነው፤ ክሎሪኑ በመመሪያው መሠረት በሊትር 0.4 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያው ገንዳ በሕጉ ዓይን የሕዝብ ሙቅ ገንዳ ነው። የሙቀቱ ጣራ በአብዛኛው 40 ዲግሪ ነው፤ የበሽታ መከላከያ ማዕከሉ የሚመክረው ክሎሪን ደግሞ ቢያንስ በሊትር 3 ሚሊ ግራም ነው፣ ከጃፓኑ ሰባት እጥፍ በላይ። ጃፓናዊ እንግዳ ገብቶ «ይህማ ለብ ያለ የመዋኛ ገንዳ ነው» ይላል፤ ትክክል ነው።

ክሎሪኑን ለመቀነስ የሚደረግ ሙከራ ግን የሰው ሕይወት ያሳጣል። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚወደው በትክክል ይህንኑ ሙቀት ነው፤ የሚያድገው በማጣሪያውና በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው አተላ ውስጥ፣ የሚገድለውም በእንፋሎቱ ጠብታ ሳንባ ገብቶ ነው። በ2002 ሚያዛኪ፣ ሂዩጋ ከተማ ውስጥ በአንድ አዲስ የተከፈተ የፍልውሃ መታጠቢያ በተነሳ ወረርሽኝ 7 ሰዎች ሞተዋል። በ2023 ደግሞ ፉኩኦካ ውስጥ ያለ አንድ ነባር ሪዮካን በሳምንት መቀየር የነበረበትን የገንዳ ውሃ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲቀይር እንደቆየ ታወቀ፤ የተገኘው ባክቴሪያ ከገደቡ እስከ 3,700 እጥፍ ነበር። በውጭ ያለ ባለቤት ከዚህ መማር ያለበት ግልጽ ነው፤ ጃፓን ውስጥ የተለማመደ ሰው መቅጠር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ክሎሪን እንደለካ የሚጻፍበት መዝገብ በገንዳው አጠገብ መሰቀል አለበት።

ለትንሽ ቤት ከዚህ ሁሉ የሚያድነው መንገድ የጋራ ገንዳውን ትቶ በየክፍሉ ሂኖኪ ከተባለ የጃፓን እንጨት የተሠራ ገንዳ ማድረግ ነው። ለአንድ እንግዳ ተሞልቶ፣ ሲወጣ የሚፈስ ውሃ በብዙ ቦታ የሚታየው እንደ ተራ ባኞ ነው፤ 42 ዲግሪ ቢሆን የሚከለክል አይኖርም፣ ክሎሪንም አይጨመርበትም። ሒሳቡ ግን መሠራት አለበት። አንድ ገንዳ 350 ሊትር ይይዛል እንበል። ውሃውን ከ15 ወደ 42 ዲግሪ ለማድረስ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ 23 ደቂቃ ይወስድበታል። ስድስቱም ክፍሎች ከእራት በፊት አንድ ላይ ሲሞሉ 2,100 ሊትር ይፈለጋል፤ ለዚህ በ60 ዲግሪ የተጠራቀመ ወደ 1,300 ሊትር ውሃ ሊኖር ይገባል። ቦይለሩን በተራ የሆቴል ስሌት የገዛ ሰው አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣበታል። ወለሉም እንዲሁ ነው፤ ውሃው፣ ገንዳውና ሁለት ሰው ተደምረው ከ600 ኪሎ በላይ ክብደት አንድ ካሬ ሜትር ተኩል በማይሞላ ቦታ ላይ ያርፋል። ተራ የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ነው። ሂኖኪው በደረቅ አየር ውስጥ ባዶውን ከቆየ ጣውላው ተኮማትሮ ስለሚሰነጠቅ፣ ክፍሉ ባይከራይም ከሥሩ ጥቂት ውሃ ይተውለታል።

የተፈጥሮ ፍልውሃ ያገኘ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። የቤይቶው አረንጓዴ ድኝማ ውሃ ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ የሚበረታ መለኪያ) ከ1 እስከ 2 ነው፤ አሲድነቱ የሎሚ ጭማቂን የሚያህል ወይም የሚበልጥ። ብረት ይበላል፣ ሲሚንቶ ያፈርሳል፣ የአየር ማቀዝቀዣ የመዳብ ቱቦ ያጠቁራል፣ የእንግዳውን የብር ሐብል በአንድ ምሽት ያከስላል። ከውሃው የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ስለሚችል መስኮቱ እንግዳው ሊዘጋው የማይችል ሆኖ ይሠራል። ጥገናው የበጀቱ ቋሚ ክፍል ነው።

ታታሚው ከዚህ ሲተያይ ቀላል ነው። ፊቱ ቄጠማ ከሚመስል ኢጉሳ ከተባለ ሣር የሚታታ፣ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ምንጣፍ ነው፤ መጠኑ እንደ አካባቢው ይለያያል፣ የኪዮቶው 191 በ95.5፣ የቶኪዮው 176 በ88 ሴንቲ ሜትር ነው። ሥዕሉ በአንዱ ተሠርቶ ዕቃው በሌላው ሲታዘዝ ክፍሉ ይጎድላል ወይም አይገባም። የሩዝ ገለባ ልብ ያለው ታታሚ በተክል ኳራንቲን ሊያዝ ስለሚችል፣ ብዙዎች ከተጨመቀ የእንጨት ፋይበር የተሠራውን ይመርጣሉ። የሚቀደደው ግን በሻንጣ ጎማ ነው። ጃፓናዊ ለአንድ ሌሊት በትንሽ ቦርሳ ይመጣል፤ የውጭ እንግዳ ሁለት ትላልቅ ሻንጣ ይጎትታል። በመግቢያው በኩል ሁለት ሻንጣ ተከፍቶ የሚዘረጋበት የጣውላ ወለል ካልተተወ፣ ታታሚው ዓመት ሳይሞላው ፊቱ ይበላሻል።

ፉቶኑስ? ሰው ተኝቶ የሚያልበው ላብ ወደ ታች ይወርዳል። ፍራሹ ጠዋት ተነስቶ ካልተናፈሰ ከሥሩ ሻጋታ ያበቅላል፣ ታታሚውንም ያጠቁራል። በጃፓን ናካይዋ ጠዋት ገብታ ስለምታነሳው ችግር የለም። በሌላ አገር እንግዳው «አትረብሹኝ» የሚል ካርድ በሩ ላይ ሰቅሎ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ሦስት ሌሊትም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ መደርደር፣ ወይም በታታሚው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዝቅተኛ አልጋ ማድረግ ይሻላል። ወለል ላይ ተቀምጦ መነሳት የሚከብዳቸው አረጋውያንም ያመሰግናሉ። አንዳንዶች ይህን ባህሉን እንደ መሸጥ ያዩታል። በጃፓን ያሉት ቤቶች ራሳቸው ምሽት ላይ ፍራሽ የሚያነጥፍ ሰው አጥተው ወደዚሁ እየዞሩ ስለሆነ ክሱ ብዙም አይጸናም።

እነዚህን ቤቶች የሚያስኬዱት እነማን ናቸው? ትላልቆቹ የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። ሌሎቹ በጃፓን ኖረው ወይም ሠልጥነው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ዕውቀታቸው ብዙውን ጊዜ በገላው ወይም በምግቡ በኩል ብቻ ጠንካራ ነው። አንዱ ወገን ጃፓናዊ፣ ሌላው የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ባልና ሚስትም አሉ። ለአምስትና ለስድስት ክፍል ቤት የሚሻለው ይህ የመጨረሻው ይመስላል፤ አንዱ ወገን ደንቡን ያውቃል፣ ሌላው ማዘጋጃ ቤቱን፣ ባንኩንና የእሳት አደጋ መርማሪውን። ሾጂ የተባለውን ተንሸራታች በር ወረቀት በእሳት ተከላካይ ወረቀት ለመተካት መርማሪውን በቋንቋው ማስረዳት የሚችል ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ቪዛውም በዚሁ ይወሰናል፤ አሜሪካ ውስጥ ጃፓናውያን የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በስምምነት አገሮች የኢንቨስተር ቪዛ፣ በኢ2፣ ነው፤ ልዩ ሙያ ያለው ሠራተኛም በዚያው ማስገባት ይቻላል። ኢትዮጵያም ከ1953 ጀምሮ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ እንዳለች ብዙ የአገራችን ሰው አያውቅም።

በእነዚህ ጥንዶች ቤት የሚደርሰው ውድቀት ተመሳሳይ ነው። ሪዮካን ኦካሚ የምትባል እመቤት አላት፤ እንግዳ የምትቀበል፣ በእራት ሰዓት በየጠረጴዛው ዞራ ሰላም የምትል፣ አበባውን የምታስተካክል፣ ናካይዎቹን የምትመራ፣ ጠዋት መኪናው እስኪሰወር ቆማ የምትሸኝ። በጃፓን ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ሚስት ናት፤ ሥራዋ በደመወዝ መዝገብ ላይ በሙሉ አይታይም። በውጭ አገር ደግሞ በዚያ ላይ የናካይዋን ክፍተት ትሞላለች፤ ማታ የምትወጣውም ጠዋት የምትገባውም ሠራተኛ በሕግ ስትጠበቅ፣ የቤቱን ባለቤት ኦካሚዋን የሚጠብቅ የሥራ ሰዓት ሕግ የለም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያው ሞልቶ፣ የእንግዶች አስተያየት አምሮ ሳለ፣ ቤቱ ይሸጣል።

ካናጋዋ፣ ጹሩማኪ ኦንሰን የሚገኘው ጂንያ የተባለ ሪዮካን በዕዳ ተዘፍቆ በነበረበት ጊዜ ወጣት ባልና ሚስት ተረክበውት፣ የእንግዳን መረጃ ሁሉ ከናካይዋ ራስ አውጥተው እያንዳንዱ ሠራተኛ በጡባዊ ኮምፒውተር ወደሚያየው መዝገብ አዛወሩት፤ ማን ዓሣ አይበላም፣ ማን ባለፈው ዓመት የትኛው ክፍል አደረ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ ቤቱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ጀመሩ። በማረፊያ ቤት ዓለም በር መዝጋት እንደ ነውር ይታይ ነበር። በውጭ ላለው ስድስት ክፍል ቤት ሁለቱም ነገሮች እንዳሉ የሚሠሩ ናቸው። እራት ያቀረበችው የጻፈችውን ቁርስ የምታቀርበው ታነበዋለች፤ የ11 ሰዓቱ ዕረፍት አይጣስም። ሳምንቱም ከሐሙስ እስከ ሰኞ አምስት ሌሊት ይሆናል፤ ሠላሳ የክፍል ሌሊት። በቀሩት ሁለት ቀናት ቧንቧው ይታጠባል፣ ታታሚው ይናፈሳል፣ ኦካሚዋ ትተኛለች። የባንክ ብድሩም የቦይለሩም ስሌት ከመጀመሪያው በሰባት ሳይሆን በእነዚያ አምስት ሌሊቶች ላይ መሠራት አለበት።